ከመደብ እስከ ድስት፦ የሚበሉትን ራስዎ አብቅለው እንዴት እንደሚያበስሉ

«ዛሬ ምን እናብስል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከደጅ ሲመጣ ኑሮ ይቀልላል። ወጣ ብሎ ማየት፣ የደረሰውን መቁረጥ፣ አጥቦ ድስት ውስጥ መጨመር፤ በቃ። ለዚህ ሰፊ መሬት አያስፈልግም፤ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ወይም የመስኮት ደፍ ይበቃል። እኔ እንዳየሁት ብዙ ሰው የሚቸገረው በመትከሉ ሳይሆን በመቁረጡ ነው። ችግኙ አምሮ ይወጣል፤ ከዚያ ወይ ማንም ሳይነካው አብቦ ያረጃል፣ ወይ ከሥሩ ተነቅሎ በአንድ ቀን ያልቃል። ስለዚህ ስለ አፈርና ውሃ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ብዬ፣ ስለ አቆራረጡና ስለ አበሳሰሉ ረዘም አድርጌ እነግርዎታለሁ።

1. መጀመሪያ ምድጃዎን ይጠይቁ

ዘር ከመግዛትዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ያበሰሉትን ሁሉ ይጻፉ። ደጋግሞ የመጣውን ይትከሉ፤ አንድም ጊዜ ያልተጠቀሙበትን፣ የዘሩ ፓኬት ሥዕል ምንም ያህል ቢያምር ይተዉት። ለጀማሪ እነዚህን አምስት እመርጣለሁ፦ በሶብላ፣ ናና፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና የሽንኩርት ቅጠል። አምስቱም እየተቆረጡ መልሰው ያቆጠቁጣሉ። ካሮትና ጥቅል ጎመን ግን ለወራት ቦታ ይዘው ከርመው አንዴ ብቻ ይሰበሰባሉ፤ ቦታዎ ጠባብ ከሆነ ለሌላ ጊዜ ያቆዩአቸው።

2. ቦታና ማስቀመጫ

አንድ ቀን ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ ወጥተው ፀሐይዋ የት እንደምታርፍ ይመልከቱ። ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይወዳሉ። ሰላጣ፣ ቆስጣና ናና 4 ሰዓት ገደማ ቢያገኙም ይሆናቸዋል፤ እንዲያውም ሰላጣ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ለአበባ ይነሣና ቅጠሉ ይመርራል።

ለማብሰያ ቤቱ ቅርብ መሆኑም የፀሐይዋን ያህል ይጠቅማል። ሽንኩርቱ እየተቁላላ ሳለ ብቅ ብለው ሁለት ዘለላ ቀንጥሰው መመለስ ካልቻሉ፣ ያ ናና ተተክሎ ይቀራል እንጂ አይበላም።

ለማስቀመጫ አሮጌ ባልዲ፣ የእንጨት ሣጥን ወይም ጠንካራ ከረጢት ይሆናል፤ ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበት ዕቃ ግን አይሁን። ለሰላጣና ለመዓዛማ ቅጠሎች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ለቆስጣ ከ25 እስከ 30፣ ለአንድ የቲማቲም እግር ደግሞ ቢያንስ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ያስፈልጋል። ታችኛው ክፍል መበሳት አለበት። ውሃ ያሳልፋል ተብሎ ከሥር ጠጠር ሲደለደል አያለሁ፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር ቶሎ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ውሃ እንዳዘለ ይቆይና ሥሩን ያበሰብሰዋል። ከታች እስከ ላይ አፈር ብቻ ይሙሉት።

3. አፈርና ውሃ

የጓሮ አፈር ብቻውን ባልዲ ውስጥ ሲገባ ይጠጥራል። አፈር፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስትና ሸካራ አሸዋ እኩል እኩል ያደባልቁ። የበሰለ ኮምፖስት ዝናብ እንደነካው መሬት ይሸታል፤ ገና የሚከረፋ ከሆነ አልደረሰም ማለት ነው። ትኩስ ፍግ በጥሬው ለሚበሉ ተክሎች ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይኖሩበታል።

ውሃ በፕሮግራም ሳይሆን በጣት ነው። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ከሥር እስኪወጣ ያጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። የቲማቲም ፍሬ ከታች በኩል ጠቁሮ ሲሰረጉድ ብዙዎች በሽታ መስሏቸው መድኃኒት ይፈልጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ሰሞን ደርቆ አንድ ሰሞን መጥለቅለቁ ነው፤ ውሃው ሲቆራረጥ ካልሲየም ለፍሬው በበቂ አይደርስም።

4. በጥቂት በጥቂቱ ይዝሩ

የመጀመሪያው ዓመት የሰላጣ ፓኬቱን በሙሉ በአንድ ቀን ዘራሁት። ሁሉም በአንድ ሳምንት ደረሰ፤ ግማሹን ለጎረቤት ሰጠሁ፣ ቀሪው አበበ፣ ከዚያ ለሁለት ወር ሰላጣ የሚባል አልነበረም። አሁን በየሦስት ሳምንቱ አንድ ቁንጥር ብቻ እዘራለሁ። የድንብላል ቅጠል ለሚወድ ሰውም ይኸው ነው፤ ሙቀት ሲነካው በጥድፊያ ስለሚያብብ ተከታታይ ዘር ይፈልጋል።

የሰላጣ ዘር ለመብቀል ብርሃን ስለሚረዳው አፈሩን እንደ ዱቄት ነስነስ ከማድረግ አይለፉ። ሌላውን ዘር የውፍረቱን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል ይቅበሩት። የቲማቲም ችግኝ ሲያዛውሩ የታችኞቹን ቅጠሎች ቀንጥሰው ግንዱን ጠለቅ አድርገው ይትከሉ፤ የተቀበረው ግንድ ራሱ ሥር ያወጣል። ናናን ደግሞ ለብቻው ዕቃ ይስጡት፤ ከመሬት በታች እየተሳበ ጎረቤቱን ሁሉ ይወርሳል።

5. አቆራረጥ

የሚቆርጥ እጅ ጎበዝ ከሆነ አንድ የበሶብላ እግር ለወራት ያበላል። ችግኙ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ግንዱን በጣትዎ ይከተሉት። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። ጠጋ ብለው ቢያዩ በእያንዳንዱ ቅጠል ብብት ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ቡቃያ አለች። ከታች ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ትተው፣ ከቡቃያዎቹ በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይቁረጡ። የግንዱ ጫፍ የጎን ቡቃያዎችን የሚያፍን ሆርሞን ያመነጫል፤ ጫፉ ሲሄድ ሁለቱም ይነቃሉ። አንዱ ግንድ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ ቁጥቋጦ ይሆናል። ቅጠል ቅጠሉን ብቻ እየለቀሙ ጫፉን ከተዉት ግን ቀጥ ብሎ ረዝሞ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ቅጠሉ ያንሳል፣ ጣዕሙም ይከብዳል። እምቡጥ ባዩ ቁጥር ይቀንጥሱ። በአንድ ጊዜ ከተክሉ ሢሶ በላይ አይውሰዱ።

የቆረጡትን ሁሉ ድስት ውስጥ አይክተቱት። አንዱን ዘለላ የታች ቅጠሉን አራግፈው ውሃ ባለበት ብርጭቆ መስኮት አጠገብ ያቁሙትና ውሃውን በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነጫጭ ሥሮች ይወጣሉ፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲረዝሙ ወደ አፈር ያዛውሩት። ናናም እንዲሁ ይባዛል።

ቆስጣ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚቆረጠው። ትልልቆቹን የዳር ቅጠሎች ከሥራቸው ይውሰዱ፣ መሐል ያሉትን አራት አምስት ለጋዎች አይንኩ። የሽንኩርት ቅጠል ከአፈሩ 3 ሴንቲ ሜትር ትቶ መቁረጥ ነው። ሰዓቱ ጠዋት ቢሆን መልካም፤ ሌሊቱን ውሃ የጠጣ ቅጠል ሲሰብሩት ይንኮሻኮሻል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ይጠወልጋል።

6. ወደ ድስቱ

ጠንካራ ቅጠል መጀመሪያ፣ ለስላሳ ቅጠል መጨረሻ። ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ሙቀት ይችላሉ፤ ከዘይቱና ከሽንኩርቱ ጋር ገብተው ቀስ እያሉ ጣዕማቸውን ይለቃሉ። በሶብላ፣ ናናና የድንብላል ቅጠል ግን መዓዛቸው ቶሎ የሚተን ዘይት ነው። አሥር ደቂቃ ከተንተከተኩ ቤቱ ይሸታል፣ ሳህኑ ላይ ግን ምንም አይቀርም። እሳቱን አጥፍተው ይጨምሯቸው።

ቆስጣ በሁለት ዙር ይበስላል። አጥበው ዘንጉን ከቅጠሉ ይለዩ፣ ዘንጉን በጣት ስፋት ይክተፉ። መጥበሻ ላይ ዘይት አሙቀው የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ያስገቡ፤ ጠረኑ እንደወጣ፣ ቀለሙ ሳይለወጥ ዘንጉን ይጨምሩ። ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ካማሰሉ በኋላ ቅጠሉን እፍኝ እፍኝ እያደረጉ ይጨምሩ። ከመታጠቡ የቀረው ውሃ ይበቃዋል። ክምሩ ተኮማትሮ አንድ አራተኛ ሲሆን፣ ይህም 2 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ጨው ነስንሰው ያውጡ። ጨዉን ቀድመው አይጨምሩ፤ ክምሩን አይተው የገመቱት ጨው ቅጠሉ ሲኮማተር ይበዛል። ትንሽ የሎሚ ጭማቂ ጣል ቢያደርጉበት ከመሬት የሚመጣው ጣዕሙ ይለዝባል።

በእግሩ ላይ የቀላ ቲማቲም ደግሞ ብዙ አይፈልግም። ለሁለት ይግመሱት፣ ጨው ይነስንሱበት፣ 10 ደቂቃ ይተዉት፤ የወጣው ጭማቂ ከዘይትና ከተቀደደ በሶብላ ጋር ራሱ ማባያ ነው። ቲማቲምን ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡ፤ ብርድ መዓዛውን ይቀንሰዋል። በሶብላንም ብርድ ያጠቁረዋል፤ እንደ አበባ ውሃ ውስጥ ያቁሙት።

7. የተረፈውን ማቆየት

ቆስጣን በሚፈላ ውሃ 2 ደቂቃ ነክረው፣ ወዲያው በረዶ ባለበት ውሃ አቀዝቅዘው፣ ጨምቀው ፍሪዘር ያስገቡ። ጦስኝና የጥብስ ቅጠልን ጥላ ውስጥ አንጠልጥለው ያድርቁ። በሶብላ ሲደርቅ ብዙ ጣዕም ስለሚያጣ ከትፈው በዘይት ለውሰው በበረዶ መሥሪያ ላይ ያቀዝቅዙት፤ አንዷ ቁራጭ ለአንድ ድስት ትበቃለች። ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅጠል በዘይት ነክረው መደርደሪያ ላይ ግን በፍጹም አያስቀምጡ። አየር በሌለበት ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም አይነግርዎትም። ወይ ፍሪዘር ያስገቡት፣ ወይ ወዲያውኑ ይብሉት።

ከድንብላሉ ደግሞ አንዷን እግር ሳይቆርጡ እንድታብብ ይተዉአት። ንቦች ይመጡባታል፤ ፍሬዎቹ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ሲለወጡ ዘለላውን ቆርጠው የወረቀት ከረጢት ውስጥ ገልብጠው ይስቀሉት። ደርቆ የረገፈውን ግማሹን ቆልተው ይውቀጡ፣ ግማሹን ለሚቀጥለው ዘር ያኑሩ።