ሥራ ሲያደክማችሁ፦ ከኤልያስ ጋር ደረጃ በደረጃ መነሣት

የዓለም ጤና ድርጅት በርንአውትን (ከሥራ የሚመጣ ዝለትን) በበሽታነት አልመዘገበውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ማብራሪያ መነሻው በወጉ ያልተያዘ የሥራ ጭንቀት ነው ይላል። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። 1ኛ ነገሥት 19ን አንብቡ። ነቢዩ ኤልያስ የወደቀው በቀርሜሎስ ተራራ በበኣል ነቢያት ላይ ትልቁን ድል ባገኘ ማግስት ነው። ንግሥት ኤልዛቤል ስትዝትበት ሸሸ፤ አገልጋዩን ቤርሳቤህ ትቶ ምድረ በዳ ገባ። ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞቱን ለመነ።

1. ተኙ፣ ብሉ
መልአኩ ስብከት አላመጣም። እንጎቻና ውኃ ነው ያቀረበለት። ኤልያስ በልቶ መልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነበራ! እኛ ግን የዛለ ሰው ስናይ ቶሎ የሚመጣልን «በርታ፣ ጸልይ» ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። ስለዚህ ለዚህ ሳምንት ሌላ ዕቅድ አታውጡ። የመኝታ ሰዓት ወስኑ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፣ ምሳችሁን ኮምፒውተር ፊት አትብሉ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የጾሙ ሰዓት ሲያበቃ ጠገብ ብላችሁ ብሉ።

2. የልባችሁን ተናገሩ
ኮሬብ ተራራ ሲደርስ እግዚአብሔር «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» አለው። ኤልያስ ያንኑ እሮሮ ሁለት ጊዜ ደገመ፤ «ጨርስ» ያለው የለም። እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው ፈልጉ። እንደ ኤልያስ ሞት ሞት ካላችሁ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ፀበሉም ንስሐ አባቱም ከሐኪም አያግዱም።

3. ሸክሙን አካፍሉ
«ብቻዬን ቀረሁ» ላለው ኤልያስ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው። ሙሴም ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አይቶ ገሠጸው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች ሹም አለው። የሳምንቱን ሥራችሁን በዝርዝር ጻፉ። ከእናንተ በቀር ማንም የማይሠራውን ብቻ ለራሳችሁ ያዙና ሌላውን ይዛችሁ አለቃችሁን አነጋግሩ። አለቃው እምቢ ካለ እንቅልፍ ብቻውን አያድናችሁም፤ ሌላ ሥራ መፈለግም ነውር የለውም።

4. በአንድ ሥራ ተመለሱ
ኤልያስ ሦስት ሰዎችን እንዲቀባ ታዘዘ፦ አዛሄልንና ኢዩን ለንግሥና፣ ኤልሳዕን ደግሞ በእርሱ ፋንታ ነቢይ እንዲሆን። ራሱ ሲፈጽም የምናነበው የኤልሳዕን ጥሪ ብቻ ነው፤ ኤልሳዕም ተከትሎ አገለገለው። የሁለቱ ጉዳይ በኋላ በኤልሳዕ በኩል ተከናወነ። እናንተም ስትመለሱ መጀመሪያ ረዳት የሚያስገኝላችሁን ሥራ ያዙ።