«ወርክ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፍቺና ምንጭ እንዴት መመርመር ይቻላል?

እንግሊዝኛን የተማረ ሰው ሁሉ «ወርክ» ማለት ሥራ እንደሆነ ያውቃል። ይሁን እንጂ ይህ እውቀት ብቻውን የመድኃኒት መግለጫን፣ የፊዚክስ መጽሐፍን ወይም የቅጥር ውልን ወደ አማርኛ ለመመለስ ለተነሣ ሰው አይበቃም። ቃሉ ከሺህ ዓመት በላይ በጽሑፍ ሲያገለግል የኖረና በየዘመኑ አዳዲስ ፍቺዎችን የደራረበ በመሆኑ፣ በየገጹ «ሥራ» እያሉ መመለስ አማርኛውን የሻከረ፣ አንዳንዴም የተሳሳተ ያደርገዋል። ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው አካሄድ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለተርጓሚዎች የታሰበ ነው።

መዝገበ ቃላት ከመግለጥ አስቀድሞ ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የያዘውን ቦታ ማየት ይገባል። ስም ከሆነ፣ ከፊቱ «ኤ» የሚለው መስተአምር አለ ወይስ የለም፣ መጨረሻውስ ላይ የብዙ ቁጥር ምልክት ተጨምሯል ወይስ አልተጨመረም ብሎ መጠየቅ ነው። ያለ መስተአምር በነጠላ ሲቆም ድካምን፣ እንጀራ የሚገኝበትን ሥራ ወይም የሥራ ቦታን ያመለክታል። «ኤ ወርክ» ሲባል ግን አብዛኛውን ጊዜ የደራሲ፣ የሠዓሊ ወይም የሙዚቃ ቀማሪ ድርሰት ነው፤ ሥራ የሚፈልግ ሰው «አይ ኒድ ኤ ወርክ» ብሎ ቢጽፍ ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ «አይ ኒድ ወርክ» ወይም «አይ ኒድ ኤ ጆብ» ማለት አለበት። በብዙ ቁጥር «ወርክስ» ሲሆን ደግሞ የአንድን ደራሲ ድርሰቶች፣ የብረታ ብረት ፋብሪካን፣ የመንገድና የግንባታ ሥራዎችን፣ በሃይማኖት መጻሕፍት ውስጥም ከእምነት ጋር የሚነጻጸረውን ምግባርን ሊያመለክት ይችላል።

ግስ ከሆነ መታየት ያለበት ባለቤቱና ተሳቢው ነው። ስልክ ወይም ማሽን ባለቤት ሲሆን «አይሠራም» የሚለው አማርኛ ያለ ችግር ይስማማል። ባለቤቱ መድኃኒት ሲሆን ግን «ፍቱን ነው» ወይም «ያሽላል» የሚለው ይሻላል፤ ዕቅድ ሲሆንም «ተሳካ» ይባላል። ተሳቢው መሬት ከሆነ «ማረስ»፣ ሊጥ ከሆነ «ማሸት»፣ ብረት ከሆነ «መቀጥቀጥ» ነው። አማርኛ ለእያንዳንዱ የራሱ ግስ አለውና ተርጓሚው እነዚህን ግሶች በ«ሥራ» ቢተካቸው የቋንቋውን ሀብት ያባክናል።

ከዚህ በኋላ ወደ መዝገበ ቃላት መሄድ ይቻላል፤ ሆኖም ሁሉም መዛግብት ፍቺዎችን በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አያስቀምጡም። ለተማሪዎች የሚዘጋጁት በብዛት የሚዘወተረውን ፍቺ ያስቀድማሉ። የመጀመሪያ ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1884 ታትሞ በ1928 የተጠናቀቀው ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግን የተሠራው በታሪክ ቅደም ተከተል በመሆኑ በአንድ ቃል ሥር ቀድሞ የሚገኘው ፍቺ የጥንቱ እንጂ የዛሬው ላይሆን ይችላል። ይህን ሳያውቅ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ የሚገለብጥ አንባቢ ይሳሳታል።

የቃሉን ምንጭ የሚናገረው ክፍል በአብዛኛው በቅንፍ ውስጥ ይገኛል። በዚያ ውስጥ ከአንድ ቃል በፊት የኮከብ ምልክት ቢታይ፣ ያ ቃል በጽሑፍ ያልተገኘ፣ ሊቃውንት ዘመድ ቋንቋዎችን አነጻጽረው የገመቱት ነው ማለት ነው። «ወርክ» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዌኦርክ» ነበር፤ የጀርመንኛው «ቬርክ» ወንድሙ ነው፤ የግሪክኛው «ኤርጎን» ደግሞ የሩቅ ዘመዱ። በአንዳንድ ጥንታዊ የግሪክ ዘዬዎች ቃሉ «ዌርጎን» ተብሎ መጻፉ ዝምድናውን ግልጽ ያደርገዋል። የቀረው የ«ግ» እና የ«ክ» ልዩነት ነው፤ እርሱም በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ያዕቆብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 እንዳብራራው፣ በግሪክና በላቲን «ግ» የሆነው ድምፅ በጀርመናውያን ቋንቋዎች «ክ» ሆኖ ይገኛል፤ የግሪኩ «ጌኖስ» እና የእንግሊዝኛው «ኪን»፣ ሁለቱም ዘርንና ወገንን የሚያመለክቱት፣ የዚሁ ሕግ ምስክሮች ናቸው።

ምርመራው እጅግ ፍሬያማ የሚሆነው ዘመዶቹን ሲከተሉ ነው። «ኢነርጂ» ከ«ኤርጎን» የመጣ ነው። የቀዶ ሕክምና መጠሪያ የሆነው «ሰርጀሪ» ከግሪኩ «ኬይሩርጊያ» የወረደ ሲሆን ትርጉሙ የእጅ ሥራ ነው። የቅዳሴ ሥርዓት መጠሪያ የሆነው «ሊተርጂ» በጥንት ግሪኮች ዘንድ ለሕዝብ የሚፈጸም አገልግሎት ነበር። «አለርጂ» ግን ወጣት ነው፤ ኦስትሪያዊው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ እ.ኤ.አ. በ1906 ሆነ ብሎ የፈጠረው ነው። ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው «ጊዮርጊስ» የሚለው ስም ነው፦ «ጌ» ምድር፣ «ኤርጎን» ሥራ፤ ምድርን የሚሠራ፣ ማለትም ገበሬ። «ገበሬ» የሚለው ቃላችንም «ሠራ፣ አደረገ» ከሚለው ከግዕዙ «ገብረ» ጋር አንድ ቤተሰብ ነውና፣ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች አራሹን በሥራው ሰይመውታል።

በእንግሊዝኛው ውስጥ የተደበቁትንም ልጆች መፈለግ ያስፈልጋል። የ«ወርክ» የቀድሞ ኃላፊ ጊዜ «ሮውት» ነበር፤ «ወርክድ» የሚለው በኋላ ተተክቶበት፣ አሮጌው ቅርጽ ተቀጥቅጦ የተሠራን ብረት በሚያመለክተው «ሮውት አይረን» ውስጥ ቀርቷል። ሠሪን የሚያመለክተው «ራይት» ደግሞ ጸሐፌ ተውኔት በሚባለው «ፕሌይራይት» ውስጥ አለ፤ «መጻፍ» ከሚለው ግስ ጋር ድምፁ ቢመሳሰልም ምንጩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 በሞተር የሚሠራ አውሮፕላን ያበረሩት የኦርቪልና የዊልበር ራይት የቤተሰብ ስምም ከዚሁ ከሠሪው ቃል የወጣ ነው።

የሳይንስ ጽሑፍ ሲያጋጥም የተለመደውን ፍቺ ወደ ጎን መተው ግድ ይላል። ፈረንሳዊው ጋስፓር ጉስታቭ ኮሪዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1829 በራሱ ቋንቋ በወሰነው ትርጉም መሠረት፣ ሥራ ማለት ኃይል ወደ አቅጣጫው በተደረገ ርቀት ሲባዛ ነው፤ አንድ ኒውተን ኃይል አንድን ነገር በአቅጣጫው አንድ ሜትር ሲያንቀሳቅስ የተሠራው ሥራ አንድ ጁል ይባላል። አንድ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ሰው ላብ ቢያጠምቀውም፣ በዚህ ፍቺ መሠረት በጆንያው ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። መምህራን ይህን ልዩነት ከቀመሩ በፊት ቢያስረዱ ተማሪው ከግራ መጋባት ይድናል።

በመጨረሻ ጎረቤቶቹን ማነጻጸር ይቀራል። «ጆብ» አንድ ሰው የተቀጠረበት መደብ ወይም ተለይቶ የተሰጠ ሥራ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ምንጩን ሊናገር እንደማይችል ጽፏል፤ የዛሬዎቹም ምንጩ አልተረጋገጠም ይላሉ፤ መርማሪው ይህን እንደ በቂ መልስ መቀበል አለበት እንጂ የሚመስል ታሪክ ሊፈጥርለት አይገባም። «ታስክ» ግብር ከሚባለው «ታክስ» ጋር ከአንድ የላቲን ቃል ይወለዳል፤ በእኛም ዘንድ «ተግባር» እና «ግብር» ከአንድ ሥር መውጣታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። «ሌበር» ጉልበትንና ምጥን ስለሚያመለክት፣ በሆስፒታል ወረቀት ላይ ሲገኝ «ሥራ» ተብሎ ፈጽሞ መተርጎም የለበትም።