የአሮጌ ኮሮላ ሞተር ዘይት ሲያፈስ፦ ፍለጋው ከላይ ይጀምር

ጠዋት መኪናዎን ሲያነሱ ከሥሩ ጠብታ ካዩ በጣትዎ ነክተው ነጭ ወረቀት ላይ ይጥረጉት። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ውኃ ውኃ ካለ ከራዲያተር በኩል የመጣ ነው። ንጹሕ ውኃ ከሆነ ኤሲው ያንጠባጠበው ነውና ቡናዎን ይጠጡ።

የሞተር ዘይት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጠብታው ያረፈበትን ቦታ በማመን ነው። ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። መፈለግ ያለበት ከሁሉ ከፍ ብሎ የረጠበው ቦታ ነው።

የእኔ ኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ሞተር ያለው ነው። ዘይቱ የሚንጠባጠበው ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ሥር ነበር። አንድ መካኒክ ከታች ተኝቶ አየና «የኋላው ኦይል ሲል ነው፤ ካምቢዮው ይውረድ» አለኝ። ኦይል ሲል የሚሽከረከር ዘንግ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ዘይቱን የሚያግድ የጎማ ቀለበት ነው። ዋጋውን ሰምቼ ሌላ ዘንድ ሄድኩ። ሁለተኛው፣ ዕድሜ የጠገቡ ባለሙያ፣ ከታች አልገቡም። ኮፈኑን ከፍተው እጃቸውን እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ሥር ሰደዱ፤ ጣታቸው ዘይት ነክሮ ወጣ። በዚህ ሞተር ዲስትሪቢዩተሩ የተቀመጠው በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጫፍ፣ ልክ ከካምቢዮው በላይ ነው። ውስጡ ያለው ቀጭን የጎማ ቀለበት በሙቀት ብዛት ሲደርቅ ዘይቱ በቴስታታው ጎን ወርዶ የኋላውን ኦይል ሲል ያስወቅሳል። መፍትሔው ቀለበቱን መቀየር ብቻ ነው። ከመፍታትዎ በፊት ግን የዲስትሪቢዩተሩን አቀማመጥ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ ወጥቶ ሳለም ሞተሩን አያዙሩ። ያለዚያ የእሳቱ ሰዓት ይዛባል።

እንዲህ ያለውን ነገር ለመያዝ ሞተሩ መጀመሪያ መታጠብ አለበት። ቀዝቅዞ ሳለ ዲስትሪቢዩተሩንና ዲናሞውን በፕላስቲክ ሸፍነው በናፍጣና በብሩሽ ያጽዱት፤ በቤንዚን ግን ፈጽሞ አይሆንም። በሳሙና ውኃ አለቅልቀው ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር ይነስንሱበትና ሃያ ደቂቃ ያህል ነድተው ይመለሱ። ዘይቱ በነጩ ላይ መንገዱን ይጽፋል።

ቆመው ሳለ የተቃጠለ ዘይት ከሸተተዎ አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ደርቆ ዘይቱ የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ እየወረደ ነው። የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ካለም እዚያው ያሉት የጎማ ቀለበቶች አብረው ይቀየሩ። ቡሎኖቹን አያስጨንቁ፤ የቆርቆሮ ክዳን ሲጠብቅ ይጣመምና ይብስበታል። ሲሊኮን ማዕዘኖቹ ላይ ነካ ማድረግ ይበቃል፤ በቱቦ ሙሉ የሚለቀልቁትን መካኒኮች አልወድም። ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል።

ዘይቱ ከብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ካፈሰሰ፣ ወይም የተቀየረ ጓርኒሲዮን በወሩ ዳግመኛ ከረጠበ፣ ጥፋቱ የጓርኒሲዮኑ ላይሆን ይችላል። የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ በጥላሸት ሲደፈን ውስጥ የታመቀው ግፊት ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ይገፋዋል። ቫልቩን ነቅለው ያንቀጥቅጡት፤ ቀጭ ቀጭ ካላለ ይቀየር፣ ርካሽ ነው። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው በቦታው ላይ እንዲሁ ያስቀምጡት። ክዳኑ ከዘለለና ጭስ ቱፍ ቱፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቶቹ) አልቋል ማለት ነው፤ ያን ኦይል ሲል አያድነውም።

ቅርብ ጊዜ ዘይት ካስቀየሩ የፊልትሮው አሮጌ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ መቅረቱን፣ የኮፓው መፍሰሻ ቡሎን ሮንዴላም መቀየሩን ይዩ። በቺንጋው (በጎማ ቀበቶው) በኩል ካፈሰሰ የካምሻፍቱና የክራንክሻፍቱ ኦይል ሲል ናቸው፤ ዘይት የነካው ቺንጋ አብሮ ይጣል። የዘይት መብራት ከበራ ግን ፍለጋው ይቆይና ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ደረቅ ከሆነና ዘይቱ አሁንም ከካምቢዮው መገናኛ ሥር ከወረደ፣ ያኔ የኋላው ኦይል ሲል ነው። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑንም (ክላቹንም) ይመልከቱት፤ ዘይት የጠጣ ዲስክ ታጥቦ አይመለስም።