ስለ አእምሮ ጤና ስልክዎ ላይ ያገኙትን መረጃ እንዴት ይጠቀሙበታል?

ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ቡና እየተፈላ ሳለ ታናሽ እህቴ አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ አሳየችኝ። «እነዚህ 5 ምልክቶች ካሉብሽ ድብርት አለብሽ» ይላል። «አራቱ አሉብኝ» አለች። እናታችን ረከቦቱ ላይ ሲኒ እየደረደረች «ተይ ልጄ፣ ዓይን ነው፤ ጸበል ይሻልሻል» አለቻት። ሁለቱም ከልባቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ለሌላው ይጠቅማል ብዬ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

1. ቃሉን ይለዩ። በየቀኑ ንግግራችን «ደበረኝ» ማለት ሰለቸኝ ማለት ነው። ሐኪም ድብርት የሚለው ግን ቢያንስ 2 ሳምንት ሙሉ፣ አብዛኛውን ቀን የሚቆይ የስሜት መውደቅ ወይም ይወዱት ለነበረው ነገር ፍላጎት ማጣት ሲኖር፣ ከዚያም ላይ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ጉልበትና ሐሳብ የመሰብሰብ አቅም ሲቃወሱ ነው።

2. ተናጋሪው ማን እንደሆነ ይዩ። ስሙና ሙያው አለ? ምልክቱን ዘርዝሮ ሲያበቃ «ለመድኃኒቱ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚል የቴሌግራም ቻናል ከሆነ ይለፉት።

3. መጠይቅ ከሞሉ ውጤቱን እንደ ፍርድ አይቀበሉት። በብዛት የሚገኘው ፒኤችኪው-9 (PHQ-9) የሚባለው የድብርት መጠይቅ ነው። ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይያዝለታል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ማለት «ባለሙያ ይይዎት» ማለት ነው እንጂ ሕመሙ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ነው። ለእሱ መልስዎ ከ0 በላይ ከሆነ ንባቡን ያቁሙ፤ ለሚያምኑት ሰው ዛሬውኑ ይንገሩና አብረው ሐኪም ቤት ይሂዱ። የታመመው ቤተሰብዎ ከሆነ ብቻውን አይተዉት።

4. ጽሑፉ ያላነሳውን እርስዎ ይጨምሩበት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ስለ አልኮል ይጠይቃል፤ ስለ ጫት ግን አይጠይቅም፣ ጸሐፊው አያውቀውማ። እኛ ጋ ግን ከሰዓት ምርቃና፣ ማታ ጨብሲ (ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጣ መጠጥ)፣ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት፣ ጫቱን የተዉ ቀን ደግሞ ዱካክ (ቅዠት) አለ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የሚቀራረብ ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል፣ አብዝቶ በሚቅም ሰው ላይ ጥርጣሬና የሌለ ድምፅ መስማት ሊያመጣ ወይም ያለውን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ በምን ያህል ቀን፣ ምን ያህል እንደሚቅሙ፣ ከዚያስ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ። ማንም ሊቆጣዎት አይገባም፤ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ግን በምልክቱ ሊሳሳት ይችላል።

5. በቪዲዮ ምክንያት መድኃኒት አይጀምሩ፣ የጀመሩትንም አያቁሙ። የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይወስዳል፤ «ምንም አላደረገልኝም» ብለው በሁለተኛው ሳምንት የሚተዉት ብዙ ናቸው። በድንገት ማቋረጥም የራሱ ሕመም አለው።

6. ቤተሰብን ይዘው ይሂዱ። ስልክ አውጥቶ እናትን መርታት አይቻልም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ያተረፍኩት ኩርፊያ ነው። በኋላ «እማዬ፣ ጸበሉን አትተውም፤ ሐኪም ቤትም አንቺው ይዘሻት ሂጂ» ስላት ነጠላዋን አንስታ ተነሣች። ዱዓ የሚያስደርግ ቤተሰብም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ለመጀመሪያ ምርመራ ግን ሰፈርዎ ካለው ጤና ጣቢያም መነሳት ይችላሉ።

እህቴ ምልክቶቿን በወረቀት ጽፋ ይዛ ነበር። ገና ስንቀመጥ ግን ቀድማ የተናገረችው እናቴ ናት፦ «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሳለች። ድምፅ እንዳታሰማ በባዶ እግሯ ነው የምትሄደው፤ እኔ ግን እሰማታለሁ።»

ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።