የላላ የካቢኔት እጀታን ከማጥበቃችሁ በፊት፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የኪችን ካቢኔት እጀታ ሲላላ አብዛኛው ሰው ካቻቢቴ አንስቶ ያጠብቃል። ብዙም ሳይቆይ ይላላል፣ እንደገና ያጠብቃል፣ በመጨረሻ ጥርሱ ይበላና እጀታው ተነቅሎ እጁ ላይ ይቀራል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ለጥገና ስጠራ የማገኘው ይኸው ነው። እባካችሁ ከማጥበቃችሁ በፊት ብሎኑን ሙሉ በሙሉ ፍቱና እዩት። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ይታያል።

ቢያጠብቁትም ይላወሳል

ዋናው ችግር ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ። መንስኤው የብሎን ርዝመት ነው። ብሎኑ ከረዘመ፣ ጭንቅላቱ ጣውላውን ሳይነካ ጫፉ የእጀታው ቀዳዳ መጨረሻ ላይ ደርሶ ይቆማል። ለእጅ የጠበቀ ይመስላል፤ እጀታው ግን ይንቀሳቀሳል። አስገድዳችሁ ካዞራችሁት የእጀታውን ጥርስ ትበሉታላችሁ። ካጠረ ደግሞ በሁለትና በሦስት ጥርስ ብቻ ይይዝና ድስትና ሰሃን የሞላ መሳቢያ ሲሳብበት ይነቀላል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የጣውላው ውፍረት ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ጨምሩ። በሩ 18 ሚሊ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨትና ከማጣበቂያ ተጭኖ የተሠራ ጣውላ) ከሆነ 25 ሚሊ ብሎን ልክ ይመጣል። የእጀታውን ቀዳዳ ጥልቀት ደግሞ የክብሪት እንጨት አስገብታችሁ ለኩት።

መሳቢያ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሳጥኑ የራሱ ፊት አለው፤ በላዩ ላይ ደግሞ የሚታየው ፊት ይደረብበታል። የሳጥኑ ፊት 16፣ የሚታየው ፊት 18 ሚሊ ቢሆን ሲደመር 34 ሚሊ ነው፤ 25ቱ ብሎን መሐል ላይ ይቀራል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው 45 ሚሊ ብሎን ገዝቶ ወደ 41 ማሳጠር ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት ዳዶ አስገቡበት፤ በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ከቆረጣችሁ በኋላ ዳዶውን በተቆረጠው ጫፍ በኩል አዙራችሁ ስታወጡት የተበላሸውን ጥርስ ያስተካክለዋል። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ የውስጠኛውን ፊት ብቻ በ12 ሚሊ ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) ማስፋት ነው። የብሎኑ ጭንቅላት በዚያ ያልፍና የውጪውን ፊት ራሱን ይይዛል፤ 25ቱም ይበቃል። ይህ የሚሆነው ግን የውጪው ፊት ከሳጥኑ ጋር በራሱ የእንጨት ብሎኖች ከታሰረ ብቻ ነው። በኮላ ብቻ የተለጠፈ ከሆነ አንድ ቀን ከነእጀታው ይገነጠላል።

ብሎኑ በጥቂቱ ብቻ ከረዘመ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ጭንቅላቱ ሥር ሮንዴላ (መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ስስ ክብ ብረት) ጨምሩ። ቺፑድ ላይ ሮንዴላ ሁልጊዜም ጥሩ ነው፤ ጭንቅላቱ ጣውላው ውስጥ እንዳይሰምጥ ይከላከላል። የራሱ የእጀታው ጥርስ ከተበላ ግን ክር መጠቅለል ከንቱ ድካም ነው፤ እጀታውን ቀይሩ።

አንዱ ብሎን ገብቶ ሌላው አልገባም አለ

የእጀታ ልክ የሚለካው ከብሎን መሐል እስከ ብሎን መሐል ነው። ገበያ ላይ የሚበዙት 96፣ 128 እና 160 ሚሊ ናቸው፤ ሁሉም በ32 ይካፈላሉ። 96ን 10 ሳንቲም ብሎ መብሳት የተለመደ ጥፋት ነው። ሌላው መንስኤ የፑንታው መንሸራተት ነው፤ ስለዚህ መብሻውን ከማስነሳታችሁ በፊት ምልክቱን በምስማር ጫፍ ጎድጎድ አድርጉት። ብሎኑ 4 ሚሊ ከሆነ በ5 ሚሊ ፑንታ ብሱ፤ ትንሽ መላወሻ ይሰጣችኋል።

ስህተቱ አንድ ሁለት ሚሊ ከሆነ ቀዳዳውን በክብ ሞረድ ወደሚፈለገው ጎን አስፉት፤ የእጀታው እግር ይሸፍነዋል። ከዚያ ከበለጠ ክብ እንጨት በኮላ ሙሉት፣ አሳድሩት፣ በማግስቱ እንደ አዲስ ብሱ። ያረጀ እጀታ የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ አሮጌውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ።

ቀዳዳው በውስጥ በኩል ተፈረካከሰ

ፑንታው ደንዟል ወይም ከኋላ የሚደግፈው አልነበረም። ከፊት በኩል ብሱ፤ ከኋላ ቁራጭ እንጨት በሞርሳ አጣብቁ፤ ልታሳልፉ ስትቃረቡ እጃችሁን ቀለል አድርጉ። የተፈረካከሰውን ሰፊ ሮንዴላ ይደብቀዋል።

ተሰልፈው ሲታዩ አይስተካከሉም

አንዳንዴ ጥፋቱ የእጀታው አይደለም። በሮቹ በማጠፊያቸው ሳይስተካከሉ እጀታ ከተበሳ፣ በኋላ ማጠፊያው ሲስተካከል እጀታዎቹ ይዛነፋሉ። መጀመሪያ በሮቹን አስተካክሉ። ከዚያ በእያንዳንዱ በር ላይ ሜትር አትዘርጉ፤ ከኮምፔንሳቶ ቁራጭ አንድ መለኪያ ሥሩ፣ በስኳድራ አረጋግጣችሁ ሁለቱን ቀዳዳ ብሱበት፣ በየበሩ ጥግ ላይ እያሳረፋችሁ ምልክት አድርጉ። ለግራና ለቀኝ በር መለኪያው ይገለበጣል፤ የትኛው ገጽ ለየትኛው እንደሆነ ጻፉበት።

ከክረምት በኋላ ላላ፣ ወይም ዙሪያው አበጠ

እዚህ ጎጃም ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው፤ ኪችኑ ውስጥ ደግሞ የምጣዱ እንፋሎት ይጨመርበታል። የዋንዛ በር ደህና ደርቆ የተሠራ ከሆነ ብዙ አያስቸግርም። ባሕር ዛፍ ግን፣ በተለይ ሳይደርቅ የተሠራ ከሆነ፣ በጋ ላይ ሲደርቅ ይሳሳል፣ ብሎኑም ይላላል። ማጥበቅ ብቻውን የሚበቃው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ አንድ ዙር ማጥበቅ ነው።

ቺፑድ ላይ ጉዳዩ ይከፋል። ከእቃ ማጠቢያው አጠገብ ያለው በር በእርጥብ እጅ ሲከፈት ውሃው በብሎኑ ቀዳዳ ይሰርጋል፤ አንዴ ያበጠ ቺፑድ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ያለው አማራጭ በሩን መቀየር ነው። መከላከያው ግን በጣም ርካሽ ነው። ቀዳዳው እንደተበሳ፣ እጀታው ከመግባቱ በፊት፣ የቀዳዳውን ውስጥ በቨርኒሽ ወይም በቀለም ቀቡት። አናጺያችሁ ይህን ሲዘል ካያችሁ ጠይቁት፤ ማንም እንዳይዘለው እፈልጋለሁ።

ባለ አንድ ብሎኑ ክብ እጀታ ይሽከረከራል

የብሎኑን ጥርስ ትንሽ ኮላ ወይም ቀለም አስነክታችሁ መልሱት።

ቦታው አይመችም

የላይኛው ካቢኔት እጀታ በታችኛው ጥግ፣ የታችኛው ካቢኔት በላይኛው ጥግ፣ ሁልጊዜም ከማጠፊያው ተቃራኒ በሆነው ጎን ይሆናል። ያም ሆኖ የምትጠቀምበትን ሴት ሳይጠይቁ መብሳት ተገቢ አይደለም። እጀታውን በፕላስተር ለጊዜው ለጥፌ «እታለም፣ እስኪ ከፈት ያድርጉት» እላለሁ፤ እጃቸው ራሱ ይመራኛል። ጫፉ ክፍት የሆነ እጀታ ነጠላና ቀሚስ ይይዛል፤ ትኩስ ወጥ ተሸክሞ በሚታለፍበት ቤት ሁለቱም ጫፉ ወደ በሩ የታጠፈውን ምረጡ።

የማዕዘን መሳቢያ ሲሳብ ከጎረቤቱ በር እጀታ ጋር ከተጋጨ ግን ቦታ መቀየር አይፈታውም። በመሳቢያውና በማዕዘኑ መካከል እጀታው ከበሩ ወደ ውጪ ከሚወጣበት ልክ የሚበልጥ፣ 5 ሳንቲም ያህል፣ ጣውላ መግባት ነበረበት። ካቢኔቱ ተተክሎ ካለቀ የሚቀረው የሁለቱን እጀታ አውልቆ ከጠርዙ ላይ የሚያዝ ስስ የላሜራ እጀታ መግጠም ነው።