ከጣና ጭቃ የሚወጣው ራዶን የት ይጠፋ ነበር?

ከባሕር ዳር ዳርቻ የወሰድነውን የጣና ጭቃ ራዶን የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ጋዝ እንዲጠራቀም ለሳምንታት በጠርሙስ አሽገን አቆየነው። ከራዶን መለኪያው ጋር በቱቦ ስናገናኘው ግን ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ከግማሽ በታች ወረደ። ይሄ በተፈጥሮ አይሆንም። ራዶን 222 በግማሽ ለመቀነስ 3.8 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ በዚያ ላይ ጭቃው ውስጥ ያለው ራዲየም 226 የተባለው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ሳያቋርጥ አዲስ ራዶን እየሰጠ የጎደለውን ይተካል።

መጀመሪያ የጠረጠርነው እርጥበትን ነው፣ ከራዶን የሚወጣውን የአልፋ ጨረር የሚቆጥር መለኪያ እርጥብ አየር አይስማማውም። እርጥበት ሲጠጣ ሮዝ የሚሆነው የማድረቂያው ቅንጣት ግን ገና ሰማያዊ ነው፣ ወደ ሮዝ አልተቀየረም። ጋዝ የሚያፈስ ቀዳዳ እንዳለ ለማየት መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ሳሙና ቀባን፤ አንዲት አረፋ አልተነፋችም።

ጉዱ ያለው ቱቦው ላይ ነበር! ለስላሳው የሲሊኮን ቱቦ ሳይቀደድና ሳይላላ ራዶንን በገዛ ግድግዳው ያሳልፋል፤ በሳሙና የማይያዘውም ለዚህ ነው። አውጥተን አጠር ባለ የናይለን ቱቦ ተካነው። ቁጥሩ ረጋ፣ በማግስቱም ከቦታው አልተነቃነቀም።

የጥልቅ ባሕር ጭቃ ለምትለኩም ነገሩ ያው ነው። እዚያ ከወለሉ የሚወጣው ራዶን የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ምን ያህል እንደሚደባለቅ ስለሚያሳይ፣ በቱቦ ያመለጠ ጋዝ ስሌቱን በሙሉ ያዛባዋል። መርከብ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ቱቦውን ቀይሩ።