የምግብ ዘይትን ለሌላ ሥራ ስናውል የምንሳሳትባቸው ነገሮች

እናቴ በእግር የምትዘወር የልብስ ስፌት መኪና ነበረቻት። አንድ ክረምት ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረች። የማሽን ዘይቱ አልቆ ስለነበር እኔ ከጓዳ የኑግ ዘይት አንስቼ በየቀዳዳዋ ጠብ ጠብ አደረግኩ። ለጥቂት ቀን ድምፅዋ ጠፋ፤ እናቴም መረቀችኝ። ወር ሳይሞላ ግን መዘውሩ አልንቀሳቀስ አለ። ጠጋኙ ሲከፍታት ውስጧ ቢጫ ሙጫ የተቀባ ይመስል ነበር። ሰውዬው በላምባና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሲፍቃት ዋለ።

ዘይት ከድስት ውጭም ብዙ ሥራ ይሠራል። ጠባዩን ሳናውቅ ስንጠቀምበት ግን ንብረት ያበላሻል፣ ሰውም ይጎዳል።

በማሽን ዘይት ቦታ መጠቀም

ኑግ፣ ሱፍና ተልባ አየር ሲያገኛቸው ይደርቃሉ። እንደ ውሃ ተንነው አይደለም፤ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህደው ይወፍራሉ፣ ከዚያ ይጣበቃሉ። የዘይት ጠርሙስ አንገት ላይ ጣት የሚይዘው ያ ነው። የበር ማጠፊያ ላይ ሲሆን ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። የሚረጋው የፓልም ዘይት እንዲህ አይደርቅም፤ ግን በአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ጀሪካን ውስጥ እንደሚጋገረው ሁሉ ማጠፊያው ውስጥም ይጋገራል። የማሽን ዘይት ካጣችሁ የማጠፊያውን ዘንግ አውጥታችሁ ሻማ እሹበት።

ምጣድና መጥበሻ ላይ ማብዛት

እዚህ ላይ ያው መድረቁ ይጠቅመናል። ምጣድ በጎመን ዘር የሚሟሸው ለዚህ ነው፤ የዘሩ ቅባት በሙቀት ሸክላው ውስጥ ገብቶ ይጠነክርና እንጀራው አይይዝም። የብረት መጥበሻም በዘይት እንዲሁ ይሟሻል። ዘይቱን ቀቡ፣ ያልተቀባ እስኪመስል በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ መስኮት ከፍታችሁ ጭስ እስኪያወጣ አግሉት። ብዙ ሰው መጥረጉን ይዘለዋል። ወፍራም ቅብ ደግሞ አይጠነክርም፤ እንደ ማር ተለጥፎ ይቀራል።

መክተፊያና ማማሰያን በተገኘው ዘይት መቀባት

ሱፍ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ፣ ፓልም ደግሞ ስለማይደርቅ እንጨቱ ውስጥ ሰንብተው ይከረፋሉ። ሽታው ወደምትከትፉት ሽንኩርት ይሻገራል። የተልባ ዘይት ይሻላል፤ በስሱ ተቀብቶ ጥቂት ሳምንት ይደርቅ። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ማንም እሳት ሳይለኩስበት ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ነቀዝ ከገባ በኋላ ማሸት

ቦሎቄን በዘይት አሽቶ ማስቀመጥ ከነቀዝ ይከላከላል። ለ1 ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ዘይቱ ላዩ ላይ የተጣለውን እንቁላል አፍኖ ይገድላል። ፍሬው ውስጥ ገብቶ የሚበላውን ትል ግን አይነካውም፤ ስለዚህ ገና ንጹሕ ሳለ ነው መታሸት ያለበት።

ሳሙናን በግምት መሥራት

ከሳምቡሳ የተረፈ ዘይት ሳሙና ይሆናል። በጣም የምፈራው ግን ይሄኛውን ነው፤ ዘይቱን ወደ ሳሙና የሚቀይረው ኮስቲክ ሶዳ ሥጋ ያቃጥላልና። ብዙ ሰው በብርጭቆ ይለካል። 1 ሊትር ዘይት 1 ኪሎ አይደለም፤ 920 ግራም ገደማ ነው። ለ1 ኪሎ የሱፍ ዘይት 128 ግራም አካባቢ ኮስቲክ ሶዳና 300 ግራም ያህል ውሃ ይበቃል። ፓልም ትንሽ ከፍ ያለ ይፈልጋል። ሶዳው ከበዛ ሳሙናው እጅ ይልጣል። ሚዛን ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

ሶዳው ነው ወደ ውሃው የሚጨመረው። ውሃን ሶዳ ላይ ብታፈሱ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቅማችሁም እሳት ላይ እንደዋለ ይግላል፤ ስለዚህ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይሆንም፤ ሶዳው ድስቱን እየበላ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። የማይዝግ ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን። ዘይቱንም ቀድማችሁ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ሳሙናው ሲጠነክር ቆርጣችሁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አየር ላይ አቆዩት።

የተቃጠለ ሰውነት ላይ መቀባት

ልጅ በትኩስ ነገር ሲቃጠል ዘይት፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ ይዞ የሚሮጥ ጎረቤት አይጠፋም። ከደግነት ነው፤ ግን ቅባቱ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍነዋል፣ ሐኪሙም ቁስሉን እንዳያይ ይጋርደዋል። ቧንቧ ክፈቱና ለ20 ደቂቃ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ አፍስሱበት። 20 ደቂቃ ልጅ እያለቀሰ ሲሆን ረጅም ነው፤ ቢሆንም አታቋርጡ። በረዶ አታድርጉበት። እብጠት ሳይጀምር ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ የተጣበቀ ልብስ ግን አትጎትቱ። የተቃጠለው ፊት ከሆነ፣ ወይም ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ 20 ደቂቃው እንዳለቀ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።